ከደብረ ብርሃን የገዛኋቸው ሁለት ካሴቶች

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ ካለች አንዲት ጠባብ ሙዚቃ ቤት የጥላሁን ገሠሠን ሁለት አሮጌ ካሴቶች ገዛሁ። ስለ ዕቃው ቅሬታ የለኝም፤ ጋቢ የደረቡት ባለ ሱቅ የላላውን ክር በእስክሪብቶ አጠንጥነው በራሳቸው ቴፕ እስከ መጨረሻው አሰምተውኛል፣ ድምፁም አንድ ቦታ ላይ ከመንቀጥቀጡ በቀር ጥርት ያለ ነው።

ቅር ያሰኘኝ ሱቁ ራሱ ያሠራው ሽፋን ነው። በስኳር በሽታ ምክንያት እግሩን ካጣ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ የተነሳው ፎቶ ተለጥፎበታል፤ ደንበኛ በገባ ቁጥር የሚወራውም ስለ ሕመሙ ነው። በሀገር ፍቅርና በክብር ዘበኛ መድረኮች አድጎ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም አዚሞ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት እስካረፈ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የዘፈነ ሰው በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ብቻ ሲታወስ ያንስበታል። (እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ቤት ገብቼ ስከፍተው መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የመጣው ያው ወንበር ነበር፤ የተረሳኝ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ድምፁ ከፍ ሲል ነው።)

«ጋሼ፣ የወጣትነቱ ፎቶ የለዎትም?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ሰው የሚያነሳው ይሄኛውን ነው» አሉኝ። ያለ ሽፋኑ ልውሰድ ብልም ከዋጋው አልቀነሱልኝም።