ኪንግደም ካም ወይስ ኒው ቲን ታይታንስ? አንዱን ብቻ ለሚገዛ

ባሕር ዳር ላለን የኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) ወዳጆች መጽሐፍ የሚደርሰን ብዙ ጊዜ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ሻንጣ ደግሞ ኪሎ አለው። የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ደውላ «ለፋሲካ ስመጣ አንድ መጽሐፍ ላምጣልህ፤ አንድ ብቻ» ስትለኝ ጓደኞቼ ለሁለት ተከፈሉ። ምርጫው በኪንግደም ካምና በኒው ቲን ታይታንስ መካከል ነበር። ሁለቱም መጻሕፍት የአሜሪካው ኮሚክ አሳታሚ የዲሲ ናቸው፣ ሁለቱም የጀግኖች ቡድን ታሪክ ናቸው፤ አሣሣላቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም።

ኪንግደም ካም በ1996 እ.ኤ.አ. በአራት ክፍል የወጣ ነው፤ ዛሬ በአንድ ቅጽ ተጠቃልሎ ይሸጣል። ጸሐፊው ማርክ ዌድ፣ ሠዓሊው አሌክስ ሮስ ነው። ሮስ እውነተኛ ሰዎችን ፎቶ አንስቶ፣ ፎቶውን እያየ ጓሽ በሚባል በውሃ የሚበጠበጥ ወፍራም ቀለም ይሥላል። ሱፐርማን እዚህ ጸጉሩ የሸበተ፣ ልብሱ ክርኑ ላይ የሚጨማደድ ሰው ነው። ታሪኩን የምናየው በአንድ አዛውንት ሰባኪ ዓይን ሲሆን ለመልኩ ሞዴል የሆኑት ሰባኪ የነበሩት የሮስ አባት ናቸው። የራእየ ዮሐንስ ቃል ገና ከመክፈቻው ስለሚመጣ፣ ለእኛ አገር አንባቢ ስሜቱ ቅርብ ነው። ግን ጦርነቱ ሲጋጋል ዓይን ይደክማል። ሁሉም ፊት እኩል ተለፍቶበታልና ማን ማን እንደሆነ ይጠፋል፤ ጀግኖቹን አስቀድሞ ለማያውቅ ደግሞ ይብሳል።

ኒው ቲን ታይታንስ በ1980 እ.ኤ.አ. በተከታታይ እትሞች መውጣት የጀመረ የጸሐፊው ማርቭ ዎልፍማንና የሠዓሊው ጆርጅ ፔሬዝ ሥራ ነው። ቀለሙ የዘመኑ ነው፤ ከሮስ ጎን ሲቀመጥ ደብዛዛ ይመስላል። የሰው ብዛት በመያዝ ግን ፔሬዝን የሚያህል አላየሁም። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብቶ የግድግዳውን ሥዕል ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጽሑፉን ሳናነብ ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱ፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በአንበሶቹና በነብሮቹ እንለያለን። ፔሬዝም የታይታንስ ቡድንን ሰባት ወጣት ጀግኖች በአቋማቸው ሳይቀር ያስለያል። ስምንተኛው እትም ላይ የዕረፍት ቀናቸው ነው። ግማሽ አካሉ ብረት የሆነውና በመልኩ ሲያፍር የኖረው ሳይቦርግ ሰው ሠራሽ እጅና እግር ካላቸው ልጆች ጋር ይገናኛል፤ ልጆቹ ብረቱን በአድናቆት ያዩለታል። እዚያ ገጽ ላይ ሁልጊዜ እቆያለሁ።

ታይታንስን ስትገዙ የመጀመሪያውን ቅጽ ያዙ፤ ስምንተኛው እትም ውስጡ መኖሩንም አረጋግጡ። ሁሉንም የጠቀለለው ወፍራሙ ቅጽ ለሻንጣ ይከብዳል። በስልክ አንብቤ እወጣዋለሁ የሚል ካለ ሁለቱንም አልመክርም፤ የሮስ ቀለምም የፔሬዝ ትንንሽ ፊቶችም እዚያ ይሞታሉ። ታብሌት ይሻላል።

ስለ ፊልም ስንከራከር ጓደኞቼ የሚመኙት ኪንግደም ካምን ነው። እኔም በሲኒማ ባየው ደስ ይለኛል፤ ያረጀ ፊት ያለው ተዋናይ ተገኝቶ በእውነተኛ ሰው ከተሠራ ማለቴ ነው። ታይታንስ ከ2018 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ድራማ ታይተዋል። ለትልቁ ስክሪን የምመኝላቸው ግን ድብድብ የሌለበትን ያንን የዕረፍት ቀን ነው።

ሱፐርማንንና ባትማንን ከፊልም የምታውቁ፣ በአንድ መጽሐፍ ተጀምሮ የሚያልቅ ታሪክ የምትፈልጉ ኪንግደም ካምን ግዙ። እርሳስ ይዛችሁ ሥዕል የምትለማመዱ ከሆነ ፔሬዝን። ለአክስቴ ልጅ «ታይታንስ፣ ቅጽ አንድ» ብዬ ጽፌላታለሁ።