የበረንዳ ብረት ፓውደር ቀለም በባሕር ዳር፦ ሳይጣበቅ የቀረው ዱቄት የት ይገባል?

በጣና ዳርቻ ለማሠራው የእንግዳ ማረፊያ የበረንዳ ብረቶቹን ያስቀባሁት ባሕር ዳር ውስጥ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የፓውደር ቀለም ቤት ነው፤ ፓውደር ቀለም ደረቅ የቀለም ዱቄት ብረት ላይ ተረጭቶ በምድጃ ሙቀት ቀልጦ የሚጠነክርበት አቀባብ ነው። ቀደም ሲል ሌላ ቦታ ባስቀባኋቸው ጥቁር በሮች ላይ ነጫጭ ነጥቦች ወጥተው ስለነበርና፣ ተሰብስቦ ዳግም በሚረጭ ዱቄት ውስጥ ሌላ ቀለም ሲቀላቀል ይህ ሊከሰት ስለሚችል፣ እዚህ ከዋጋው አስቀድሜ የጠየቅሁት ብረቱ ላይ ሳይጣበቅ የሚቀረው ዱቄት ምን እንደሚሆን ነው።

ዱቄቱ ከመርጫው ሲወጣ እስከ 100 ኪሎ ቮልት በሚደርስ ኃይል ኤሌክትሪክ ይሞላና ከመሬት ጋር በተያያዘው ብረት ላይ ይለጠፋል፤ እንደ በረንዳ ብረት ክፍተቱ የበዛ ዕቃ ሲሆን ግን ብዙው በዘንጎቹ መካከል ያልፋል። ይህ ቤት ያለፈውን ዱቄት በአየር ስቦ ወደ ሳይክሎን (አየሩን እያሽከረከረ ዱቄቱን ወደሚለይ ዕቃ) ያስገባዋል፤ እዚያም አየሩ ሲሽከረከር ከበድ ያለው ዱቄት ግድግዳውን ታክኮ ታች ይጠራቀማል፣ ከ10 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በታች የሆነው ደቃቅ ብናኝ በአብዛኛው ወደ ፊልተር ይሄዳል። የተጠራቀመውን በወንፊት ነፍተው፣ አዲሱን ዱቄት አብዝተው ሲቀላቅሉ በዓይኔ አይቻለሁ። የፊልተሩን ብናኝ ወደ መርጫው አይመልሱትም፤ ልክ ናቸው፣ ምክንያቱም እጅግ የደቀቀ ዱቄት እኩል አይረጭም።

ከሁሉም በላይ ያከበርኩት ቀለም ሲለውጡ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ነው። ከነጭ ወደ ጥቁር ሲዞሩ የመርጫውን ክፍል፣ ቱቦዎቹን፣ ሳይክሎኑንና ወንፊቱን አንድ በአንድ አጸዱ፤ በአየር የተበተነ ብናኝ ብልጭታ ካገኘው ሊፈነዳ ስለሚችልም የአየር መሳቢያውን ማሽን እስከ መጨረሻው አላጠፉም። ለጥቂት ዕቃ ብቻ የሚፈለግን ቀለም ግን መልሰው አይሰበስቡም፤ የጽዳቱ ድካም ከዱቄቱ ዋጋ ስለሚበልጥ የተረፈው ይጣላል፣ ሂሳቡም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ሁለት ጉድለት አይቻለሁ። የመጣሁት በሐምሌ ነበርና፣ የተሰበሰበው ዱቄት ክዳን በሌለው ባልዲ አድሮ በእርጥበቱ ጓጉሎ አገኘሁት፤ የሐይቁ አየር ባለበት ከተማ ይህ ሊታሰብበት ይገባ ነበር። ሁለተኛው የማንጠልጠያ መንጠቆዎቹ ናቸው፤ ደጋግመው ተቀብተው የቀለም ቅርፊት ስለያዙ ብረቱን ከመሬት ጋር በወጉ አያገናኙትም፣ ስለዚህ መለጠፍ የነበረበት ዱቄት ይረግፋል። ይህን ስነግራቸው ሳይከፉ መንጠቆዎቹን በሞረድ ፋቁ፤ ከዚያ በኋላ የተቀቡት ብረቶች እስከ ማዕዘናቸው እኩል ለበሱ፣ ከምድጃው ሲወጡም አንድ ነጭ ነጥብ አላገኘሁባቸውም።