ጓንዡ ኤርፖርት ላይ በአማርኛ ሰላም የሚላችሁን ሰው አትከተሉ

ዘንድሮ ከሜልቦርን ወደ አዲስ አበባ የሄድኩት በቻይናዋ ከተማ በጓንዡ በኩል ነው። በአውስትራሊያ ፓስፖርት ያለ ቪዛ ስለሚያስገቡ፣ ሁለት ቀን አርፌ የዘመዶቼን ትእዛዝ ልገዛዛ ብዬ ነው። መጋረጃው፣ ዊጉ፣ የስልክ ቀፎው... መቼም አያልቅም።

በኤርፖርቱ በራሱ ቅሬታ የለኝም። ባዩን ይባላል፣ ነጭ ደመና ማለት ነው። ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ፓስፖርት ቁጥጥሩም ቶሎ አለቀልኝ። ሦስተኛው የሜትሮ መስመር እዚያው ከሥሩ ይነሳና መሀል ከተማ ያደርሳችኋል። ሜልቦርን እኮ እስከ ዛሬ ለኤርፖርቷ ባቡር የላትም! ግን ሜትሮው ሌሊት አይሠራም። እኔ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ደግሞ እኩለ ሌሊት አልፏል።

የተበላሁት እዚህ ላይ ነው።

በሩ ላይ አንድ ቻይናዊ ጠጋ አለኝና «ሰላም ነው? ደህና ነህ? አበሻ?» አለኝ። በአማርኛ! ሻኦቤይ፣ አፍሪካውያን የሚበዙበት የጓንዡ ሰፈር፣ ከሚመላለሱ ነጋዴዎቻችን የለመደው መሆን አለበት። አሥራ አንድ ዓመት በሰው አገር ለኖረ ሰው፣ በዚያ ሌሊት «ደህና ነህ» መባል ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሆዴ ቅቤ ጠጣ። ሻንጣዬን ሲቀበለኝ ዝም አልኩ። ዋጋውን ስጠይቀው «ችግር የለም» አለኝ። መርካቶ ላይ ዋጋ ሳይናገር ችግር የለም የሚለኝን ሹፌር ጥዬው ነበር የምሄደው።

መኪናው የታክሲ ምልክት የለው፣ ቆጣሪ የለው። ሆቴሉ በር ላይ ስንደርስ ስልኩን አወጣና 480 ብሎ ጽፎ አሳየኝ። 480 ዩዋን! ይሄ ለሻንጣ፣ ይሄ ለሌሊት፣ ይሄ ለመንገድ ክፍያ እያለ በጣቱ ቆጠረልኝ። አማርኛው እዚያ ላይ አለቀበት። ስከራከረው ሻንጣዎቼ ያሉበትን የመኪናውን ኋላ አልከፍትም አለ። በመጨረሻ 400 በጥሬው ሰጥቼ ተገላገልኩ። ደረሰኝ የለ፣ ምን የለ። ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው መንገድ በቆጣሪ ታክሲ ስመለስ ስንት ከፈልኩ? 118።

ስለዚህ በሌሊት የምትደርሱ፣ ውስጥ የሚያናግራችሁን ሁሉ አልፋችሁ ውጪ ያለው የታክሲ ሰልፍ ላይ ቁሙ። አሊፔይ የሚባለውን የቻይና የስልክ መክፈያ መተግበሪያ ከቤታችሁ ሳትወጡ ጫኑና ካርዳችሁን አያይዙ። የሆቴሉን አድራሻም በቻይንኛ አስጽፋችሁ ያዙ፤ እዚያ ጉግል አይከፍትላችሁም።

ስመለስ የአዲስ አበባ በረራ ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ግማሹ ሰው መሬት ላይ ሻንጣ ዘርግቶ ዕቃ ያዘዋውራል፣ ፕላስተሩ ጥርርር ይላል። ከፊቴ ያለችው ሴትዮ ዞር ብላ «ወንድሜ፣ ደህና ነህ? ኪሎ ይተርፍሃል?» አለችኝ።

ሳላስበው ሻንጣዬን ወደ ራሴ ሳብ አደረግኩት።