ጂስኪል ፍሌር ኤክስ5 ራም በአዳማ ሙቀት

ባለ 32 ጊጋባይቱ ጥንድ፣ ዲዲአር5-6000 ሲኤል30 (ፍጥነቱ 6000፣ የምላሽ መዘግየቱ 30 ዑደት)፣ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰር ላለው ዴስክቶፕ ግሩም ምርጫ ነው። ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ማስገቢያ ላይ ይሰካል፤ ባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ) ውስጥ ኤክስፖ፣ ማለትም የራሙ ዝግጁ የፍጥነት ቅንብር፣ ሲበራ ቮልቴጁ 1.35 ይሆናል። መጀመሪያ ሲነሳ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ቢቆይ ራሙን እያስተካከለ ነውና እንዳያጠፉት።

ዋናው ጣጣ ሙቀት ነው። ቲሬፊን (ራሙ ቻርጁን በሚያድስባቸው ጊዜያት መካከል ያለውን ርቀት) እስከ 65535 ያሳደገ ሰው፣ ማለዳ ያለ ስህተት ያለፈው የራም ፈተና አዳማ ስትግል ከቀትር በኋላ ሊወድቅበት ይችላል፤ የራሙ ሴሎች ሲሞቁ ቻርጃቸውን ቶሎ ያጣሉ፣ ማደሻው ግን ዘግይቷል። ወደ 32767 ይመልሱት፣ ማራገቢያ ወደ ራሙ ያዙሩ፣ የራም መፈተሻውን ፕሮግራም ሜምቴስት86ንም በጠራራው ሰዓት 4 ዙር ያስኪዱ። ስህተቱ ካልጠፋ ፍጥነቱን ወደ 5600 ማውረድ ይሻላል። የሶሲ ቮልቴጅን (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሙን ለሚቆጣጠረው ክፍል የሚሄደውን) ከ1.3 ማሳለፍ ግን ፕሮሰሰሩን ሊያቃጥል ይችላል፣ ፈጽሞ አይሞከር!