ከነቫቱ ወይስ ያለ ቫት?

ባለፈው ሳምንት ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ምሳ በላን። ሜኑው ላይ ጥብሱ 400 ብር ይላል። ሦስት ነበርን፤ 1,200 ብር አዋጥተን ጠበቅን። ደረሰኙ ግን 1,380 ይላል። 180 ብሩ 15 በመቶ ቫት ነው። "ዋጋው ቫትን አይጨምርም" የሚለው ከሜኑው ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ጓደኛዬ ለባጃጅ የያዛትን ጨመረ። ቅር አለኝ።

ባለቤቶቹም ምክንያት አላቸው። ለቫት ያልተመዘገበው ጎረቤት ዋጋው ረከስ ብሎ ይታያል። 460 ብለን ብንለጥፍ ደንበኛ ከበር ይመለሳል ብለው ይሰጋሉ። ይገባኛል። ግን ሰውዬው መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ያው 460 ነው።

የነጋዴ ለነጋዴ ሽያጭ ሌላ ነው። ከሄርማታ መርካቶ ለሱቁ ዕቃ የሚያነሳ የቫት ተመዝጋቢ፣ ሲገዛ የከፈለውን ቫት ሲሸጥ ከሰበሰበው ላይ ያቀናንሳል። ለእሱ ትክክለኛው ወጪ ቫት የሌለበት ዋጋ ነው።

ለቤቱ የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚገዛ ሰው ግን የሚያቀናንስበት የለውም። ከኪሱ የሚወጣውን ብቻ ይወቅ። 11,500 ተብሎ ከተለጠፈ ቫቱን ማውጣት ቀላል ነው፤ ለ1.15 ማካፈል። ዋጋው 10,000፣ ቫቱ 1,500። (ብዙ ሰው ከ11,500 ላይ 15 በመቶ ያሰላል፤ 1,725 ይመጣበታል፤ ስህተት ነው።)

እኔ ለችርቻሮና ለምግብ ቤት ከነቫቱ ይለጠፍ እላለሁ። ጅምላ ሻጭ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጻፍ።