ጋሼ የሌሉበት ጋራዥ

ጋሼ ካረፉ ወዲህ ደሴ ያለው ጋራዣቸው ትናንት ገባሁ። የአሮጌ መኪና ወዳጆች ስንሰባሰብ ዋናችን እሳቸው ነበሩ፤ የቮልስን በሽታ በድምፁ ብቻ ያውቁታል። ከኮምቦልቻ ደሴ ስትወጣ ወደ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ትጨምራለህ፣ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ቤንዚን ይበዛበትና ሞተሩ ጥቁር ጭስ እየተፋ ያለከልካል። እሳቸው «አብሽር ልጄ» ብለው ቤንዚን የምታሳልፈዋን ቀዳዳ በጠባብ ይቀይሯት ነበር።

አሁን ያሠለጠኗቸው ልጆች ናቸው የሚሠሩት። እጃቸው ጥሩ ነው፣ ዋጋውም አይጎዳም። ግን ይቸኩላሉ! ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ የቫልቭ ክፍተት ሊለኩ ሲሉ እኔው አስቆምኳቸው (በቀዝቃዛው ነው የሚለካው፣ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው)። ቡናው አልቀረም፣ ደስ ብሎኛል። ፍሬኑን ለማሠራት ሐሙስ እመለሳለሁ።