«እርጥበቱን ራሱ ይቆጣጠራል» የተባለውን የድርጭት መፈልፈያ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት

ድርጭት ልታረቡ ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ «ፉል አውቶማቲክ ነው፣ እርጥበቱን ራሱ ይቆጣጠራል» እየተባለ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጠውን ትንሽ የፕላስቲክ መፈልፈያ ማሽን ገዝቼ ስላየሁት ልንገራችሁ። እርጥበት አይቆጣጠርም። ፊቱ ላይ 60 የሚል ቁጥር ያሳያል፣ በቃ። ውስጡ ውሃ የሚያተን ምንም ነገር የለም፤ ከታች ባሉት ሁለት ቦዮች ውሃ የምትጨምሩት እናንተው ናችሁ።

ቁጥሩም አይታመንም። የሁለቱንም ቦዮች ውሃ ደፍቼ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ ክዳኑን ከፍቼ በጥር እኩለ ቀን ደረቅ አየር ላይ አቆየሁት። 60 እንዳለ ቀረ።

የድርጭት እንቁላል ከ10 እስከ 12 ግራም ቢመዝን ነው። በ17 ወይም በ18 ቀን እስኪፈለፈል ድረስ ከክብደቱ 12 በመቶ ያህሉ ውሃ ሆኖ በቅርፊቱ መትነን አለበት፤ ጫጩቱ ቅርፊቱን ሳይሰብር የሚተነፍሰው አየር የሚጠራቀመው በሚተወው ክፍተት ነው። እርጥበት ሲበዛ ክፍተቱ ይጠብና ጫጩቱ ታፍኖ ይሞታል። ሲያንስ ደግሞ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ይደርቅበታል። የኔዎቹ ያለቁት በዚህ ነው። ያልተፈለፈሉትን ስከፍታቸው ላባ ያወጡ፣ አስኳላቸውን መጥጠው የጨረሱ ጫጩቶች ናቸው፤ ነጩ ሽፋን እንደ ደረቀ ወረቀት ምንቃራቸውና ክንፋቸው ላይ ተጣብቋል። እጅግ ያሳዝናል።

ሻጩ ጋ ስሄድ «እንቁላልሽ ዘር የለውም» አለኝ። ላባ ያወጣ ጫጩት የተገኘበት እንቁላል እንዴት ነው ዘር የሌለው? ይባስ ብሎ «ሁለቱንም ቦይ ከመጀመሪያው ቀን ሞልተሽ ተይው» የሚል ምክር ጨመረልኝ። እንዳትሰሙት። እስከ 14ኛው ቀን ከ45 እስከ 50 በመቶ ይበቃል፤ እንቁላል ማገላበጥ ካቆማችሁ በኋላ ከ65 እስከ 70 ከፍ ይደረጋል፣ ክዳኑም አይከፈትም። እርጥበቱን የሚወስነው ደግሞ የውሃው ጥልቀት ሳይሆን ለአየር የተጋለጠው ስፋት ነው። መጀመሪያ አንዱን ቦይ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱንም፣ ካልበቃ እርጥብ ስፖንጅ ጨምሩ።

የማሽኑ መመሪያ የተጻፈው ለቆላ አገር ይመስላል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ እንቁላል ውሃ ቶሎ ያጣል። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ሚዛን እመኑ። እንቁላሎቹን መጀመሪያ አንድ ላይ መዝኑ፣ በ14ኛው ቀን ድገሙት፤ ከ9 እስከ 10 በመቶ ከቀነሱ ደህና ነው።

ሱቅ ውስጥ ሳትከፍሉ ማሽኑን አሰክታችሁ እርጥበት የሚለካው ክፍል (ሴንሰሩ) ላይ በአፋችሁ ሃ በሉበት። ቁጥሩ ወዲያው ካልዘለለ ጥላችሁ ውጡ። የእንቁላል ማስቀመጫውንም እዩ፤ ለዶሮ የተሠራው ለድርጭት ስለሚሰፋ እንቁላሉ በደንብ አይገላበጥም።

ለብቻው የእርጥበት መለኪያ ግዙና ፈትሹት። በጠርሙስ ክዳን የገበታ ጨው አድርጉ፣ ሳይሟሟ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ ከመለኪያው ጋር በፕላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ አሳድሩት። ጠዋት 75 አካባቢ ማሳየት አለበት። ልዩነት ካለው ያንን እያሰባችሁ አንብቡት።

የምትገዙ ከሆነም ደረሰኙ ላይ «እርጥበት ይቆጣጠራል» የሚለውን ሻጩ በጽሑፍ ያስፍርላችሁ። ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥ ወይም ገንዘባችን እንዲመለስ የመጠየቅ መብት በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተሰጥቶናል፤ ያለ ደረሰኝ ግን የሚሰማችሁ የለም። አልጽፍም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።